ዶሮ አርቢውና መምህሩ

ባለፈው ሰሞን ከእራት በኋላ በመኝታ ክፍላችን ክርክር ተነሣ፡፡ አገር የሚለወጠው በምክር ቤት ወንበር ነው ወይስ በመጽሐፍ? ገሚሶቻችን፣ ተመርቀን ወጥተን ሥልጣን ካልያዝን የምናነበው ሁሉ ከንቱ ነው ብለን ጮኽን፡፡ በማግሥቱ ቤተ መጻሕፍት ገብተን ያነበብነው የአንድ እንግሊዛዊ ታሪክ ግን ጩኸታችንን አበረደው፡፡

ሰውየው እ.ኤ.አ. በ1915 ተወልዶ በ1988 የሞተው አንቶኒ ፊሸር ነው፡፡ በጦርነቱ ጊዜ የአየር ኃይል አብራሪ ነበረ፤ እንደ እርሱ አብራሪ የነበረው ወንድሙ በ1940 በአየር ውጊያ ተገደለ፡፡ በ1945 የፍሬድሪክ ሃየክን «ወደ ባርነት የሚወስደው ጎዳና» በሪደርስ ዳይጀስት አጥሮ ወጥቶ አነበበና ደራሲውን ፍለጋ ወደ ለንደን የኢኮኖሚክስ ትምህርት ቤት ሄደ፡፡ ፖለቲካ ውስጥ ልግባን? ብሎ ጠየቀ፡፡ መምህሩም ተው አለው፤ ይኸውም ፖለቲከኛ የሕዝብን አስተያየት ተከታይ ነው፣ አስተያየቱን የሚቀርጹት ግን መምህራን፣ ጋዜጠኞችና ጸሓፊዎች ናቸውና አስቀድሞ እነርሱን ማሳመን ይገባል በማለት ነበር፡፡

ምክሩ መልካም ነው፤ ገንዘቡስ ከየት ይምጣ? ከዶሮ መጣ! ፊሸር አዲሱን የእርባታ ዘዴ አሜሪካ አይቶ ተመለሰና በክስተድ የተባለውን ድርጅት አቋቁሞ ከበረ፡፡ (በአንድ ጣሪያ ሥር ሺህ በሺህ የታጎሩት ዶሮዎች ስለ ነፃነት ቢጠየቁ ምን ይሉ ነበር?) በ1955 የኢኮኖሚክ ጉዳዮች ተቋምን መሠረተ፡፡ ራልፍ ሃሪስና አርተር ሴልደን ተቋሙን እየመሩ ስለ ነፃ ገበያ ለመምህራንና ለተማሪዎች የሚሆኑ ትንንሽ መጻሕፍት ዓመት ከዓመት አወጡ፡፡ በ1979 ማርጋሬት ታቸር ጠቅላይ ሚኒስትር ስትሆን ሐሳቡ ከመንግሥት ወንበር ደረሰ፤ ሃያ አራት ዓመት መሆኑ ነው፡፡ ፊሸር ራሱ በካይማን ደሴቶች በባሕር ኤሊ እርባታ ሀብቱን አጥቶ ነበር፤ ኾኖም በ1981 ተመሳሳይ ተቋሞችን በየአገሩ የሚያቋቁም አትላስ የተባለ ድርጅት መሠረተ፡፡

ታሪኩ መጀመሪያ አኮራን፡፡ ለካ መጽሐፍ ኃይል አለው! ቆየት ብለን ስናስበው ግን ከነከነን፤ በዚያ ስሌት ውስጥ አዳኙ ፊሸር ሲሆን ታዳኞቹ እኛ ተማሪዎች ነንና፡፡ በግራም ሆነ በቀኝ የሚታደለንን ጽሑፍ ስንቀበል፣ የማተሚያውን ማን ከፈለ? ብለን ጠይቀን እናውቃለንን? አናውቅም፡፡ በዚያው ሌሊት ከራስጌያችን የተከመሩትን መጻሕፍት አውርደን የአሳታሚውን ስም ስንፈልግ መብራት ጠፋብን፡፡

ለማኅበሩ ምርጫ የተመዘገበው ጓደኛችን ግን እስካሁን ስሙን አላሰረዘም፡፡