ሰማይን በልኩ ስለ መከተል

በየካ፣ ከእንጦጦ ጋራ ግርጌ ባለው ግቢያችን፣ በታኅሣሥ ጥርት ያለ ምሽት በገዛ እጄ የሠራሁትን ቴሌስኮፕ ተክዬ፣ አባቶቻችን ዙሐል የሚሉትን ሳተርንን ካገኘሁ በኋላ እናቴን ብጠራት፣ ነጠላዋን ሰብስባ ጎንበስ እስክትል ድረስ ሳተርን ከማያው ወጥቶ ኖሮ «ልጄ፣ እኔስ ጨለማ ብቻ ነው የማየው» ባለችኝ ጊዜ፣ ሥራዬ ገና እንዳልተፈጸመ ተረዳሁ።

ምድር በዛቢያዋ ስትዞር ሰማዩ በሰዓት 15 ዲግሪ ወደ ምዕራብ ያልፋል፤ የባሕረ ሐሳብ ሊቃውንት ዕለትን በ60 ኬክሮስ፣ ኬክሮስንም በ60 ካልዒት ስለሚከፍሉ፣ በእነርሱ ስፍር ሰማይ በአንድ ኬክሮስ፣ ማለት በ24 ደቂቃ፣ 6 ዲግሪ ይጓዛል። ቴሌስኮፔ አጉልቶ ሲያሳይ የሚይዘው ግማሽ ዲግሪ ብቻ ነውና፣ ብርሃናተ ሰማይ ከዳር እስከ ዳር ለማለፍ 2 ደቂቃ ይበቃቸዋል፤ ይህም ለአረጋዊ ወገብ እጅግ አጭር ጊዜ ነው።

ስለዚህ ሁለት ጣውላ በማጠፊያ አጋጥሜ ቴሌስኮፑን በላይኛው ላይ አቆምሁ፤ ከምናለሽ ተራ የገዛሁት፣ ከአሮጌ ፕሪንተር የወጣ ሞተር፣ በአንድ ዙር 1 ሚሊሜትር የሚሄድ ብሎን በዳዶ ውስጥ እያዞረ ጣውላውን ቀስ በቀስ እንዲገፋው አደረግሁ። ከዋክብት ዙረታቸውን የሚፈጽሙት በ23 ሰዓት ከ56 ደቂቃ ከ4 ሰከንድ፣ ከሙሉው ዕለት 10 ካልዒት ያህል ቀድመው ስለሆነ፣ በደቂቃ አንዴ የሚዞር ብሎን ከማጠፊያው 228.5 ሚሊሜትር መራቅ አለበት፤ እኔ ግን በመጀመሪያ በግምት 25 ሳንቲሜትር ላይ ተክዬው ስለ ነበር፣ ሞተሩ ከሰማዩ ወደ ኋላ እየቀረ፣ ከመካከል ያኖርሁት ሳተርን በ12 ደቂቃ ገደማ ወጥቶ ሄደ። ብሎኑን ነቅዬ፣ በማስመሪያ ለክቼ እንደ ገና ተከልሁት።

የማጠፊያው ዘንግም ከምድር ዛቢያ ጋር ትይዩ መሆን ይገባዋል። አዲስ አበባ ከምድር ወገብ በስተ ሰሜን 9 ዲግሪ ላይ ስለምትገኝ ዘንጉ ሊተኛ ጥቂት ይቀረዋል፤ በዚያው ከፍታ ላይ ያለውን የሰሜን ኮከብ ደግሞ ከእኛ ግቢ እንጦጦ ራሱ ይጋርደዋል። ኮከቡን ባጣሁ ጊዜ ወደ ፀሐይ ተመለስሁ፤ ቀጥ ያለ ዘንግ ተክዬ፣ በቀትር ጥላው ከሁሉ ባጠረበት ቅጽበት ያመለከተውን ሰሜን በኖራ አሰመርሁ።

በዚያው ጋራ ላይ፣ በ3200 ሜትር ከፍታ፣ መስተዋታቸው 1 ሜትር የሆነ ሁለት ቴሌስኮፖች ያሉት የእንጦጦ የኅዋ መመልከቻ ጣቢያ ቆሟል። እነዚያ ታላላቅ መሣሪያዎችና የእኔ ጣውላ በኃይልም በጥራትም የማይነጻጸሩ ቢሆኑም፣ የሚታዘዙለት ሥርዓት ግን አንድ ነው፤ ያም መጽሐፈ ሄኖክ ብርሃናት በየኆኅታቸው ሲወጡና ሲገቡ የሚተርክልን፣ የባሕረ ሐሳብ መምህራንም በኬክሮስና በካልዒት ሲሰፍሩት የኖሩት ነው።

በሦስተኛው ምሽት እናቴን እንደ ገና ጠራኋት። በርጩማ አቀረብሁላት፤ ነጠላዋን በእርጋታ አስተካከለች፤ ዓይኗንም ወደ ማያው አስጠጋች። ሞተሩ በዝግታ ሲያጉረመርም፣ እርሷም የሳተርንን ቀለበት እያየች ለብዙ ጊዜ ዝም አለች። በመጨረሻ ቀና ብላ የተናገረችው አንድ ቃል ብቻ ነበር፦ «ጠበቀኝ።»