በሥዕል ግርጌ ስለምትጻፍ ቁጥር

ሰው የሚሰበስበው ነገር ሁሉ የልቡን ዝንባሌ ይገልጻል። አንዱ ከብት፣ አንዱ ብር፣ አንዱም መጽሐፍ ይሰበስባል፤ መሰብሰቡም ክፉ ወይም መልካም የሚሆነው በዕቃው ሳይሆን በሰብሳቢው አሳብ ነው። በዘመናችን በሕይወት ካሉ ሠዓልያን እጅ ቁጥሩ የተወሰነ የኅትመት ሥዕል እየገዙ በቤታቸው የሚያኖሩ ሰዎች አሉ። ነገሩ ለብዙዎች እንግዳ ስለ ሆነ ጥቅሙም ነቀፋውም ሊመረመር ይገባል።

በመስቃን አገር በእንሴኖ ከተማ ዕድሜውን በማስተማር ያሳለፈ አንድ ሰው አለ። ይህ ሰው ከጡረታው ገንዘብ ጥቂት በጥቂት እያስቀረ፣ አዲስ አበባ በሄደ ጊዜ አንዳንድ ሥዕል ይገዛል። እስከ አሁን ያገኛቸው ሰባት ናቸው። ከሁሉ አብልጦ የሚወደው እንሰት የሚፍቁ ሴቶች የተቀረጹበትን ነው፤ በግርጌው 7/30 ተብሎ በእርሳስ ተጽፎበታል። ከጎረቤቶቹ ጋር ያላስማማችውም ይህች ቁጥር ናት።

ነገሩ እንዲህ ነው። የሰፈሩ ሰዎች እናቶቻቸው ሲሠሩት የኖሩትን ሥራ በሥዕል ስላዩት ደስ ተሰኝተው፣ ቡታጅራ ወስደው በማተሚያ መኪና አባዝተው በየቤታቸው ሊሰቅሉት ለመኑት። እርሱ ግን አይሆንም አለ። ከእነርሱም አንድ ወጣት፣ «ጋሼ፣ ጧፍ ከጧፍ ቢለኰስ የፊተኛው ምን ይጐድልበታል?» ሲል ጠየቀው። ባለቤቱም በበኩሏ፣ «ለአንድ ወረቀት ይህን ያህል ገንዘብ ማውጣትዎ ሳይበቃ በእርሱ ምክንያት ጎረቤት ያስቀይማሉን?» አለችው። ሰውየውም የሚመልሰው ቃል ቢያጣ ነገሩን ለንስሐ አባቱ አቀረበ።

በእውነቱ የወጣቱ ጥያቄ ቀላል አይደለም። አባቶቻችን ቅዱሳት መጻሕፍትን ያለ ወሰን ሲገለብጡ ኖረዋል፤ መጽሐፍ ማስጻፍም ለነፍስ ዋጋ ይቈጠር ነበር። የኅትመት ሥዕልም ወደ አገራችን የገባው እንዲሁ ያለ ከልካይ ነው። በአውሮፓ አቆጣጠር በ1590 እና በ1591 ሮም ላይ በሜዲቺ ማተሚያ ቤት በዐረብኛ የታተመው ወንጌል፣ አንቶኒዮ ቴምፔስታ የነደፋቸውንና ሌዮናርዶ ፓራሶሌ በእንጨት የቀረጻቸውን ሥዕሎች የያዘ ነበር። መጽሐፉ ኢትዮጵያ ደርሶ ሠዓልያኖቻችን ሥዕሉን እያዩ በራሳቸው መልክና ቀለም በብራና ላይ ሣሉት። ይህን በማድረጋቸውም የነቀፋቸው የለም። እንግዲህ ያ የተፈቀደ ከሆነ ይህ ስለ ምን ይከለከላል?

ይህን ለመለየት አስቀድሞ የሥራውን ዓይነት ማወቅ ያስፈልጋል። የኅትመት ሥዕል ሲባል ከሌላ ሥዕል በፎቶግራፍ የተቀዳ ወረቀት ማለት አይደለም። ሠዓሊው ጣውላ ይዞ፣ ነጭ ሆኖ እንዲቀር የሚሻውን ስፍራ በመሮ እየፋቀ ያወጣል፤ ሳይነካ የቀረውም ገጽ ቀለም ይቀበላል። ወረቀት በላዩ ተነጥፎ በማተሚያ ሲጫን ወይም በማንኪያ ጀርባ ሲታሽ ሥዕሉ ተገልብጦ፣ ቀኙ ግራ ግራውም ቀኝ ሆኖ ይወጣል፤ ስለዚህ ፊደል የሚቀርጽ ሰው ገልብጦ መቅረጽ አለበት። በመዳብ የሆነ እንደ ሆነ ግን መሥመሩ በመርፌ ይጫራል ወይም በአሲድ ይበላል፤ ቀለሙም በተቦረቦረው ውስጥ ያድራል። እያንዳንዱን ወረቀት ሠዓሊው መርምሮ የተበላሸውን ይቀድዳል፤ ደኅናውን በግራ በኩል ቁጥሩን፣ በቀኝ በኩል ስሙን በእርሳስ ይጽፍበታል። 7/30 ማለትም ከሠላሳው ሰባተኛው ማለት ነው። ሠላሳው ከተፈጸመ በኋላ ዳግመኛ እንዳይታተምበት ጣውላው በመስቀለኛ ይጫራል።

እንግዲህ ቁጥሯ ሠዓሊው ከዚህ አላበዛም ብሎ የሰጠው ቃል ናት። በአገራችን ጸሐፊ በብራና መጨረሻ የራሱንና የአስጻፊውን ስም አኑሮ፣ መጽሐፉን የሰረቀውንና ስሙን የፋቀውን ያወግዛል። ይህም ልማድ የእኛ ብቻ አይደለም። አልብሬክት ዱረር የተባለው ጀርመናዊ በአውሮፓ አቆጣጠር በ1498 የዮሐንስን ራእይ በእንጨት ቀርጾ ያሳተመ ነው፤ በ1511 የእመቤታችንን ሕይወት ባሳተመ ጊዜም የሰው ድካም የሚሰርቁትን በመጽሐፉ መጨረሻ አስጠንቅቋል። በእርሳስ መፈረምና ቁጥር መጻፍ ግን ከብዙ ዘመን በኋላ የተለመደ ሥርዓት ነው።

ይህ ጥበብ በአገራችን በትምህርት ቤት የተተከለው በቅርብ ዘመን ነው። ሠዓሊው አለ ፈለገ ሰላም የመሠረቱት የአዲስ አበባ ሥነ ጥበብ ትምህርት ቤት በ1950 ዓ.ም. ከተከፈተ በኋላ፣ ሐንሰን ባሂያ የተባለው ከጀርመን ወደ ብራዚል የሄደ ሠዓሊ በአውሮፓ አቆጣጠር ከ1963 እስከ 1966 የእንጨት ቅርጽ ኅትመት አስተማረበት። ከደቀ መዛሙርቱ አንዱ ዘሪሁን የትምጌታ ነው፤ እርሱም በ1992 በዳካር በተደረገው የአፍሪቃ የሥነ ጥበብ ጉባኤ ለሽልማት በቅቷል። ዛሬ በመሥራቹ ስም አለ የሥነ ጥበብና ዲዛይን ትምህርት ቤት ከሚባለው ከዚያው ቤት የሚወጡ ወጣቶች እንጀራቸውን የሚበሉት፣ እንደ እንሴኖው መምህር ያለ ገዢ ሲያገኙ ነው።

የንስሐ አባቱ ቅኔ የተማሩ ሰው ነበሩና ነገሩን በሚያውቁት መዝነው መለሱለት። «ልጄ፣ በቅኔ ቤት ትናንት የተባለውን ቅኔ ዛሬ የእኔ ነው ብሎ የሚያቀርብ ተማሪ ያፍራል። የወንጌል ሥዕል አይቶ በራሱ እጅ አዲስ የሚሥል ሰው ግን መንገዱን ከመምህሩ ተምሮ የራሱን ቅኔ እንደሚቈጥር ነው፤ በመኪና የሚያባዛው የሰውን ቅኔ ይሰርቃል። ሠላሳ ነው ብሎ የጻፈው ሠዓሊው ስለ ሆነ፣ ቃሉን ለማፍረስ አንተም ጎረቤቶችህም ሥልጣን የላችሁም። ዳሩ ግን ወረቀቱን ብትጠብቅ በርህን ልትዘጋ አልተፈቀደልህም። ለብቻህ ልታየው ከሆነ የገዛኸው፣ ሚስትህ እውነት ብላለች።»

ሰውየውም ይህን ሰምቶ ወደ ሠዓሊው ላከ። ሠዓሊው ጣውላውን እንደ ጫረው፣ ሠላሳም ብሎ እንደ ጻፈ አስታወቀ፤ ነገር ግን ያንኑ አሳብ በትንሽ ጣውላ እንደ ገና ቀርጾ፣ ቁጥር የሌለበት፣ ዋጋውም የሚቀል ሥዕል ላከለት። ከጎረቤቶቹ ሁለቱ ገዙ፤ የቀሩት ቅሬታቸው ገና አልወጣላቸውም። እርሱ ግን የማኅበር ጠበል በቤቱ በሚሆንበት ቀን ሰባቱንም አውርዶ በብርሃን ያሳያል፤ ልጆችም ቀለሙ እንዴት እንዳደረ ቀርበው ይመለከታሉ።

ይህን መንገድ ሊከተል የሚወድ ሰው ሦስት ነገር ይጠይቅ፤ ጠቅላላው ስንት እንደ ሆነ፣ ጣውላው ወይም መዳቡ ተጭሮ እንደ ሆነ፣ ወረቀቱም በሠዓሊው እጅ የታተመ ወይም በኮምፒውተር የተቀዳ እንደ ሆነ። ፊተኛ ቁጥር ሁልጊዜ ይበልጣል ማለት ስሕተት ነው፤ ይህ የሚሠራው በመርፌ በተጫረ መዳብ ላይ ነው፣ የመሥመሩ ጠርዝ በኅትመት ብዛት ይደክማልና። ሥዕሉንም ከፀሐይና ከምድጃ ጢስ ያርቀው፤ ወረቀቱ ከመስታወቱ እንዳይጣበቅ፣ ጥሬ ጣውላም በጀርባው እንዳያቢጨው ይጠንቀቅ። ይልቁንም ነገ አትርፎ ለመሸጥ ብቻ የሚገዛ ሰው ከሥዕሉ ቁጥሩን ወድዷልና አሳቡን ይመርምር።

ለሠዓሊው ቃሉን የሚጠብቅበትን ጽናት፣ ለገዢውም በሩን የሚከፍትበትን ልቡና እግዚአብሔር ያድልልን።