«ሒሳብ ምን ያደርግልኛል?» ለሚሉን ልጆች

ቦሌ ቡልቡላ ውስጥ ሃይስኩል የሚማር ልጅ ያለው ወላጅ ይህን ጥያቄ ሳይሰማ አይቀርም፦ «ይሄ ሁሉ ፎርሙላ ምን ያደርግልኛል?» አብዛኞቻችን «ለማትሪክ ነው» ብለን እናልፋለን። መልሱ ግን ስለ ሰሙ ምትኩ ካሳ መንገር ነው እላለሁ።

ሰሙ በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ሒሳብ ያስተማሩ፣ በኋላም ወደ ቦትስዋና ዓለም አቀፍ የሳይንስና ቴክኖሎጂ ዩኒቨርሲቲ የሄዱ ምሁር ናቸው። ዘርፋቸው ኦፕቲማይዜሽን ነው፤ ባለን ውስን አቅም የተሻለው ውጤት እንዴት እንደሚገኝ የሚያሰላ ሒሳብ። ይህን ዕውቀት ይዘው ወረርሽኝ ጥናት ውስጥ ገቡ።

የወረርሽኝ ስሌት መሠረቱ ከርማክና ማኬንድሪክ በ1927 እ.ኤ.አ. ያሳተሙት ሥራ ነው። ሕዝቡ በሦስት ይከፈላል፦ ገና ያልተያዘ፣ ታሞ የሚያስተላልፍ፣ ያገገመ። ከአንዱ ወደ ሌላው የሚሸጋገረው ሰው በዲፈረንሻል እኩልታ ይሰላል። ሰው ግን ወሬ ይሰማል፣ ይፈራል፣ ይጠነቀቃል። ሰሙና አዚዝ ኡሂኑ በ2011 እ.ኤ.አ. ባሳተሙት ጥናት ይህንኑ ጥንቃቄ ስሌቱ ውስጥ አስገቡት፤ በሽታው በተስፋፋ ቁጥር ሰው ራሱን ይጠብቃል፣ ጥንቃቄውም በተራው የበሽታውን ጉዞ ይለውጣል። እኔን ከሁሉ በላይ የሚደንቀኝ ይህ ነው። የሰው ጠባይ ራሱ እኩልታ ውስጥ ቦታ አገኘ!

ከዚያ ኮቪድ መጣ። መጋቢት 4 ቀን 2012 ዓ.ም. የመጀመሪያው ታማሚ በአገራችን ተገኘ፤ እዚሁ ቦሌ ሚሊኒየም አዳራሽ የሕክምና ማዕከል ሆነ። ሰሙ በዚያው ዓመት ከተመራማሪዎቹ ንጃጋራና ተረፈ ጋር ባሳተሙት ጥናት፣ በሽታው ተመልሶ እንዲያገረሽ ዋናውን ድርሻ ሊይዙ የሚችሉት ምልክት የማይታይባቸው ሰዎች መሆናቸውን አሳዩ። ክትባት በሌለበት ከእነዚህ ቢያንስ 30 በመቶውን መርምሮ መለየት፣ ምልክት ካለባቸው ደግሞ ቢያንስ 50 በመቶውን ለይቶ ማከም ያስፈልጋል አሉ። አንድ የጤና ኃላፊ አልጋውንና መመርመሪያውን የት ላድርግ ብሎ ሲጨነቅ የሚፈልገው እንዲህ ያለ ቁጥር ነው።

እኛ ጋ ግን 70/30 ብለን ብዙውን ተማሪ ወደ ሳይንስና ምህንድስና ስንልክ ኖረን፣ በ2015 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ፈተና 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጣው 3.2 በመቶው ብቻ ነበር። ምክንያቱ ብዙ ነው፤ የመምህር እጥረትም፣ የመጽሐፍ እጥረትም አለበት። ልጁ የሚማረው ነገር የት እንደሚውል አለማየቱም አንዱ ነው ብዬ አምናለሁ። ይሄኛውን ማስተካከል ደግሞ በጀት አይጠይቅም።

የሰፈራችን የሒሳብ መምህራን፣ እባካችሁ ሒሳብ የት እንደሚውል ለማሳየት አንድ ክፍለ ጊዜ ስጡ። ውኃ በፈረቃ ሲመጣ ለስድስት ሰው ቤተሰብ ስንት ሊትር ሮቶ ይበቃል? ፈረቃው በአንድ ቀን ቢዘገይስ? ተማሪዎቹ የቤታቸውን ፍጆታ ራሳቸው ለክተው ይምጡ፣ እኩልታውንም ራሳቸው ይጻፉት። ወላጆችም ልጆቻችሁ ሲለኩ አግዟቸው።