ሞተር የሚሞተው ሲቆም ነው
(ከውድብሪጅ፣ ቨርጂኒያ)

ዛሬ ስለ ፖለቲካ አልጽፍም፤ እሱን ከእኔ የተሻሉ ሰዎች በየሳምንቱ ይጽፉላችኋል። እኔ የምጽፈው ስለ አንድ ሞተር ነው። አራት ሲሊንደር ያለው፣ በቤንዚን የሚሠራ፣ ከብዙዎቻችን ልጆች በዕድሜ የሚበልጥ ሞተር። «ይኼ ሰውዬ ጤናም የለው» የሚል ካለ እስከ መጨረሻው ይታገሠኝ።

ነገሩ የተጀመረው አንድ እሁድ ጠዋት ነው። ታናሽ እኅቴ ከአዲስ አበባ ደወለችና «ጋሼ፣ የአባባን ዲኤክስ ልንሸጠው አስበናል፣ ቅር እንዳይልህ» አለችኝ። እኔም ቡናዬን እንኳ ሳላስቀምጥ «አይሸጥም!» አልኩ። ትንሽ ዝም ብላ ቆየችና «እሺ፣ ጋሼ» ብላ ዘጋችው። ያ «እሺ» ግን ሳምንቱን ሙሉ ከጆሮዬ አልወጣ አለ።

ዲኤክስ ምን እንደሆነ ለአዲስ አበባ ልጅ አይነገርም። ለልጆቻችን ግን እንንገራቸው። ቶዮታ እ.ኤ.አ. በ1979 ያወጣው አራተኛው ትውልድ ኮሮላ ነው፤ የሚነዳውም በኋላ ጎማው ነው። የእኛው ባለ 4ኬ ሞተር ነበር። አባቴ ቅዳሜ ቅዳሜ ኮፈኑን ከፍቶ ካንዴላ ሲያጸዳ እኔ ፋኖስ ያዥ ነበርኩ። የክብ ስፋት ስሌት የገባኝም ትምህርት ቤት ሳይሆን እዚያ ነው። «የሲሊንደሩ አፍ 75 ሚሊ ሜትር፣ የፒስቶኑ ጉዞ 73 ሚሊ ሜትር። በል አስላ!» ይለኛል። አራቱን ደምሬ 1,290 ሲሲ ስል ራሴን ይዳብሰኛል፤ ስሳሳት ደግሞ መፍቻው አናቴ ላይ ኳ ይላል።

ያ ሞተር ጉልበተኛ አልነበረም። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል 2,400 ሜትር ያህል ከፍ ያለች ስለሆነች አየሩ ስስ ነው፤ ካርቡራተር ያለው ሞተር እዚያ ከጉልበቱ አንድ አምስተኛ ያህሉን ያጣል። አምስት ሰው ጭኖ ወደ እንጦጦ ሲወጣ እኛም አብረን የምናምጥ ይመስለን ነበር። ጥንካሬው ግን ሌላ ነው። ብሎኩ ከብረት የተቀለጠ፣ ኮሎው በአምስት ቦታ የታቀፈ ነው። ቫልቮቹን የሚከፍተው ዘንግ ያለው እታች ብሎኩ ውስጥ ሲሆን የሚያዞረው አጭር ካቴና ነው፤ በጉዞ መሐል ተበጥሶ ጉድ የሚያደርግ ችንጋ የለውም። ድክመቱም ሁለት ነው። የቫልቮቹ ክፍተት በየጊዜው ካልተስተካከለ እንደ ልብስ ስፌት መኪና ቲክ ቲክ ይላል። ቴስታታው ደግሞ አሉሚኒየም ስለሆነ ውሃ ጎድሎበት ከጋለ ይጣመማል። ለዚህም ነው የአባቴ ኋላ ኪስ ያለ ውሃ ጀሪካን ታይቶ የማይታወቀው።

በ1984 ዓ.ም. ቦሌ የሸኘችኝም እሷው ነች። አባቴ መንገዱን ሙሉ አንድ ቃል አልተናገረም። ሲያወርደኝ ብቻ «ዘይት ማየት እንዳትረሳ» አለኝ። መኪና ሳይኖረኝ! ያን ጊዜ ሳቄ ነበር የመጣው።

አሁን እኔም አሮጌ ኮሮላ አለኝ፤ እ.ኤ.አ. የ1996 ምርት፣ ባለ 1,762 ሲሲ 7ኤ-ኤፍኢ ሞተር። በቨርጂኒያ ሕግ የጭስ ምርመራ ከ25 ዓመት በላይ የሆነውን መኪና አይመለከትም፤ መንግሥት እንኳ «ሽማግሌ ነው፣ ተዉት» ብሎ ምሮታል። ከአባቴ ሞተር ጋር ሳወዳድረው ይኼኛው 16 ቫልቭ አለው፣ ቤንዚኑን የሚረጨው በኤሌክትሮኒክስ ነው፣ ቫልቮቹን የሚያዞረው ግን የጎማ ችንጋ ነው። በየ60 ሺህ ማይሉ መቀየር አለበት። እኔ ዛሬ ነገ ስል አሳለፍኩትና አንድ ማለዳ በ95 አውራ ጎዳና ላይ፣ ኦኮኳን ወንዝ ድልድይ ሳልደርስ ተበጠሰ። ደግነቱ የዚህ ሞተር ፒስቶንና ቫልቭ፣ ችንጋው ቢበጠስም እንዳይጋጩ ሆነው የተሠሩ ናቸው። ተጎትቶ ሄደ፣ አዲስ ችንጋ ገባለት፣ ተነሣ። የአባቴ ምክር የገባኝ ያን ቀን ነው፤ ሞተር የሚሰጥህ የሰጠኸውን ነው።

ይህን ሁሉ ቆጥሬ፣ በሚቀጥለው እሁድ እኅቴን በክርክር ልረታት ደወልኩ። ብሎኩን፣ ካቴናውን፣ አምስቱን መታቀፊያ ሁሉ ዘረዘርኩላት። «ያ ሞተር እኮ ገና ሌላ 20 ዓመት ይሠራል!» አልኳት።

ረጋ ብላ ሰማችኝና «ጋሼ፣ አንተ የምታወራው ስለሚሄድ መኪና ነው። እኛ ግቢ ያለው የቆመ መኪና ነው» አለችኝ።

አባባ በ2012 ዓ.ም. በኮሮናው ጊዜ ካረፈ ወዲህ ያ መኪና አልተነሣም። እኔ ለቀብሩም አልደረስኩ። መኪናው የቆመበት ቦታ ላይ አንዲት ክፍል ሠርታ ብታከራይ የልጆቿን የትምህርት ቤት ክፍያ እንደሚደጉምላት ያወቅኩት ያን ቀን ነው። «አልነገርኩህም፤ ታዝናለህ ብዬ ነው» አለችኝ። አያችሁ፣ ትዝታው የእኔ፣ ዕዳው የእሷ ነበር!

የቆመ ሞተር ምን እንደሚሆን ደግሞ ከእኔ በላይ ማን ሊነግራት? ቤንዚኑ ካርቡራተሩ ውስጥ እንደ ሙጫ ይደርቃል። ዘይቱ ከሲሊንደሩ ግድግዳ ይወርድና ብረቱ ይዝጋል፤ ፋሻዎቹ ይጣበቃሉ። ጎማ ነክ የሆነው ሁሉ ደርቆ ይሰነጠቃል። ብዙ ዓመት ሮጦ ያልገደለውን ሞተር ጥቂት ዓመት መቆም ይገድለዋል። እኔም «አይሸጥም» ስል የአባቴን ሞተር እየገደልኩት ነበር።

«ሽጪው» አልኳት። አሁንማ ፈላጊው ብዙ ነው። በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤክሳይስ ታክስ አዋጅ ከውጭ በሚገባ አሮጌ መኪና ላይ ከባድ ቀረጥ ጣለ፤ በጥር 2016 ዓ.ም. ደግሞ ከኤሌክትሪክ መኪና በቀር ወደ አገር እንደማይገባ ተነገረ። አገር ውስጥ ያለ ዲኤክስ አባባ ቢሰማው የማያምነው ዋጋ ያወጣል።

የገዛው አንድ ወጣት መካኒክ ነው። በካንዴላው ቀዳዳ ዘይት አፍስሶ አሳደረው፣ ሞተሩን በእጁ ቀስ አድርጎ አዞረው፣ ካርቡራተሩን ፈትቶ አጠበው። በሦስተኛው ቀን እኅቴ በስልክ ድምፅ ላከችልኝ። ከንጋቱ 11 ሰዓት ተኩል ላይ ነው፤ ሆርነር ሮድ ማቆሚያ ውስጥ ሁለት መንገደኛ እየጠበቅኩ ነበር። እዚህ ሦስት ሆኖ የሄደ በፈጣኑ መንገድ ሳይከፍል ያልፋል፤ ስለዚህ የማይተዋወቅ ሰው አብሮ ይሳፈራል። የራሴን ሞተር አጥፍቼ አዳመጥኩ። አንዴ አቃሰተ፣ ሁለተኛ አቃሰተ፣ በሦስተኛው ተነሣ።

አንዷ ተሳፋሪ በሩን ከፍታ ስትገባ ዓይኔን ስጠርግ አገኘችኝ። «ደህና ነህ?» አለችኝ። «አባቴ ነው» አልኳት፤ ሌላ ምን ልበላት?

ማታ ለእኅቴ ደወልኩና «ቲክ ቲክ ይላል። የቫልቩን ክፍተት ያስተካክል በዪው። ዘይትም ማየት እንዳይረሳ» አልኳት።

ቸር ይግጠመን።