ዕቃ ጠቅልላችሁ ለምትሄዱ

ክረምት ገብቶ ዝውውር ሲነሳ በውስጥ መስመር የሚመጣልኝ ጥያቄ አንድ ዓይነት ነው። "ቲቸር፣ አምና የእናትህን ዕቃ ከዳባት አዲስ አበባ በማን አስጫንከው? ስንት ከፈልክ?" ለእያንዳንዳችሁ ከምመልስ እዚሁ ልጻፈው። ረዘም ይላል፣ ታገሱኝ።

መጀመሪያ፣ እኛ ጋ "ዕቃ አጓጓዥ ድርጅት" ብላችሁ አትድከሙ። አዲስ አበባ ላይ አልጋውን ፈትቶ፣ ሳህኑን በካርቶን አሽጎ፣ አድርሶ መልሶ የሚገጥም ድርጅት አለ። ዳባትና ደባርቅ ላይ ያለው አይሱዙ ነው። ሹፌር አለ፣ ረዳት አለ፣ መሃል ላይ ደግሞ ደላላ አለ። ማሸጉ የእናንተና የጎረቤት ሥራ ነው።

ዋጋውን የሚወስነው ርቀቱ ብቻ እንዳይመስላችሁ። ከዳባት ጎንደር 75 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ ከዚያ ባሕር ዳር፣ ደብረ ማርቆስ፣ ደጀን፣ አባይ በረሃን ወርዶ ጎሐ ጽዮን መውጣት፣ ከዚያ አዲስ አበባ። ሲደመር ወደ 800 ኪሎ ሜትር ይጠጋል። ዋናው ጥያቄ ግን "መኪናው ሲመለስ ባዶ ነው ወይስ ጭነት አለው?" የሚለው ነው። ሲሚንቶ ወይም ሸቀጥ አራግፎ ባዶውን የሚመለስ ሹፌር ቢያንስ ነዳጁን የሚሸፍንለት ሰው ይፈልጋል። ነጭ ሽንኩርትና ድንች በሚጫንበት ሰሞን ግን እናንተን የሚለምን የለም። የመጀመሪያው ደላላ የጠራልኝ ዋጋ የአምስት ወር ደሞዜን ያክል ነበር። መናኸሪያ አካባቢ ሁለት ቀን ቆሜ፣ እስከ ባሕር ዳር የሌላ ሰው ዕቃ በከፊል የጫነ መኪና አገኘሁና በግማሹ ተስማማን። መንገዱ ክፍት መሆኑንም የሚያውቁት እዚያ የቆሙት ሹፌሮች ናቸው፤ ሳትጠይቁ ቀን አትቁረጡ።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልግባ። አባታችን ካረፈ በኋላ እናቴ ብቻዋን ስለሆነች እህቴ ልትወስዳት ወሰነች። ማሸግ ስንጀምር እናቴ "ወፍጮው ይሄዳል" አለች። የድንጋይ ወፍጮ፣ ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ ላይ! እህቴ በስልክ ሳቀች። እናቴ አልሳቀችም። "ልፈጭበት ብዬ እኮ አይደለም። እናቴ የፈጨችበት ስለሆነ ነው" አለች።

እኔ ደብተር አወጣሁ። እሷ እየተናገረች ጻፍኩ፤ የሚሄደውን በአንድ ገጽ፣ ለጎረቤት የሚሰጠውን በሌላ ገጽ። ማንም "ይሄማ አሮጌ ነው፣ ይጣል" እንዳይል ከለከልኩ። ጋኑ ለጎረቤት ሄደ። ብፌው፣ እህቴ የምትመኘው ብፌ፣ እሱም ቀረ። ወፍጮው ላይ ስንደርስ ትንሽ ዝም አለችና "መጁን ብቻ ያዙልኝ፣ ታችኛው ለጎረቤቴ ይሁን" አለች። ሁለት ሰዓት ያህል ፈጀብን። ሲያልቅ የሚሄደው 43 ዕቃ ሆነ።

በየማዳበሪያውና በየካርቶኑ ላይ በማርከር ቁጥር ጻፍኩ። ዝርዝሩን በሁለት ኮፒ አድርጌ የሰሌዳ ቁጥሩን፣ የመንጃ ፈቃዱን፣ ስልኩንና የተስማማነውን ዋጋ ከታች አስገባሁ፤ ከዚያ ሹፌሩን ፈርም አልኩት። ደስ አላለውም። "መምህር፣ ሌባ አደረግከኝ እንዴ?" አለኝ። "ወንድሜ፣ ወረቀቱ ላንተም ይጠቅማል። ያላስረከብኩህን ዕቃ አምጣ እንዳልልህ ነው" አልኩት። ፈረመ።

አዲስ አበባ ስናራግፍ 17 ቁጥር የለም። ባሕር ዳር ላይ ማታ በዝናብ ሲያወርዱ ከሌላው ሰው ዕቃ ጋር ወርዷል። ማዳበሪያ ሁሉ ነጭ ነው፤ ቁጥር ባይኖረው "አንድ ነጭ ማዳበሪያ ጠፋብን" ብለን ማንን እንጠይቃለን? ዝርዝሩ ላይ 17 ቁጥር "የአባባ ጋቢ፣ የሠርግ ፎቶ፣ ሁለት ነጠላ" ይላል። ሹፌሩ ራሱ ወረቀቱን አይቶ እዚያው ደወለ። በዘጠነኛው ቀን በአውቶቡስ ተልኮ ደረሰ። እናቴ እስኪመጣ ድረስ ሌላውን ዕቃ አልፈታችም ነበር።

ሕጉም ያው ነው። በየብስ ዕቃ ማጓጓዝን የሚመለከተው አዋጅ ቁጥር 547/1999፣ አጓጓዡ ዕቃውን ከተረከበበት ጊዜ ጀምሮ እስኪያስረክብ ድረስ ለጠፋውና ለተበላሸው ተጠያቂ ነው ይላል። ግን ምን እንዳስረከባችሁ የሚያሳይ ወረቀት ከሌላችሁ አዋጁ ምን ያደርግላችኋል?

የቀረውን በአጭሩ፦ ቀብድ ክፈሉ እንጂ ሙሉውን አትክፈሉ፤ ቀሪው ሲደርስ። ነሐሴ ስለሆነ ሸራውን ሳትጫኑ በፊት ገልጣችሁ ቀዳዳ ካለው እዩ። የአልጋና የቁምሳጥን ብሎን በአንድ ፌስታል አስራችሁ በእጃችሁ ያዙ። ከቤተሰብ አንድ ሰው ጋቢና ውስጥ ይሂድ። ከቀበሌ መሸኛ አውጡ፣ ኬላ ላይም አዲሱ ቀበሌም ይጠየቃል።

ስለ ማውረዱ ደግሞ ከመነሳታችሁ በፊት ተነጋገሩ። እኛን የሰፈሩ ጫኝና አውራጆች ለአራት ፎቅ የጠየቁን የመኪናውን ኪራይ ሲሶ ነበር። ባለንብረቱ የራሱን የቤት ዕቃ በራሱና በቤተሰቡ ጉልበት ማውረድ እንደሚችል የከተማው አስተዳደር ተናግሯል። ቢሆንም በር ላይ ቆሞ ከመከራከር አስቀድሞ ዋጋ ተስማምቶ ደረሰኝ መቀበል ይሻላል። ልጆቹም እንጀራቸው ነው።

ደባርቅ ላይ ሆኖ ስለ ቤት መልቀቅ ሲያወሩ የግጭን ሰዎች ማለፍ አይቻልም። ከ1970 ዓ.ም ጀምሮ በዓለም ቅርስነት ከተመዘገበው የስሜን ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ ውስጥ ከ400 በላይ አባወራዎች በ2008 ዓ.ም ተነስተው ደባርቅ ሰፈሩ። በዓመቱ ፓርኩ በአደጋ ላይ ካሉ ቅርሶች መዝገብ ወጣ። መንደራቸው በእግርና በበቅሎ የሚገባበት ነበር። ከእነሱ ልጆች አንዷን አስተምሬያለሁ። ድርሰት ጻፉ ስላቸው፣ አያቷ አዲሱ ቤት ሲያሳዩዋቸው ስለ ክፍሉ ሳይሆን "ጎረቤታችን ማን ነው?" ብለው መጠየቃቸውን ጽፋ ነበር።

ለዚህ ነው መኪና ከመፈለጋችሁ በፊት ዝርዝሩን ጻፉ የምላችሁ። መኪናው ከቀደመ የሚሄደውንና የሚቀረውን የሚወስነው የመኪናው ስፋትና የሹፌሩ ችኮላ ይሆናል። ዝርዝሩ ከቀደመ የሚወስነው ባለቤቱ ነው፣ በተለይ ባለቤቱ ሽማግሌ ወይም ባልቴት ሲሆን። እናትና አባታችሁን ልታመጡ ያሰባችሁ፣ ደብተር ይዛችሁ አጠገባቸው ተቀመጡና እነሱ ይናገሩ። የማይጫነውን ነገር ለማን እንደሚሰጡ ጭምር።

የምትለቁት ቤት አይዘጋ፣ የምትገቡበት ይባረክ። መልካም መንገድ!