የረመዷን ፖስተርና የዘካ ዝርዝር



ረመዷን ሊገባ ሲል የጀመዓችን ላፕቶፕ እረፍት የለውም። የኢፍጧር ጥሪው፣ የደርስ ማስታወቂያው፣ ሁሉም የሚሠራው በእሱ ነው። ለፎቶሾፕ የምንከፍለው የለንም፣ ክራክ መጠቀሙም ከበደን፤ ስለዚህ በነፃ የሚገኘውን ጂምፕን ጫንን። ጨረቃና ፋኖስ ያለባቸውን የፒ.ኤስ.ዲ. ቴምፕሌቶች ግን ከቴሌግራም ነበር የምናወርደው። ማን እንዳዘጋጃቸው የጠየቀ ከመካከላችን አልነበረም። ሥዕል ምን ያደርጋል?

ኮምፒውተር የሚያጠና አንድ ወንድማችን ላፕቶፑን ከፍቶ፣ "ይሄ እኮ 2.10.30 ነው" አለና ዝም አለ።

እ.ኤ.አ. በኖቬምበር 2023 የወጣው 2.10.36 አራት የደህንነት ክፍተቶችን ደፍኗል። አራቱም ፋይል ሲከፈት የሚፈጠሩ ናቸው። አንዱ ያለው እኛ ቀን ከሌት በምንከፍተው በፒ.ኤስ.ዲ. ላይ ነው።

ነገሩን በኢፍጧር አስረዳን። አንድ ሰው "አሥር ሆነን እንመጣለን" ብሎ ላከ፤ እኛም ለአሥር ሰው ምንጣፍ አነጠፍን፤ ሃያ ሆነው መጡ። በር ላይ የሚቆጥር ካለ ትርፎቹን ይመልሳል። ከሌለ ግን ቀጥታ ወደ ጓዳ ይዘልቃሉ። ጂምፕ የተጻፈበት የሲ ቋንቋ በራሱ አይቆጥርም፤ ቆጣሪውን በር ላይ ማቆም ያለበት ፕሮግራሙን የሚጽፈው ሰው ነው። ፒ.ኤስ.ዲ. በሚነበብበት ቦታ ይህ ቆጠራ ጎድሎ ነበር። ተንኮለኛ የሠራው ፋይል ከተመደበለት ሜሞሪ አልፎ ጎረቤቱ ላይ ይጽፋል። የሚጽፈውን አስልቶ ካዘጋጀው ደግሞ ኮምፒውተሩ የእሱን ትእዛዝ ይፈጽማል። ከአራቱ ክፍተቶች አንዱማ በአንድ ቁጥር ብቻ የተሳሳተ ቆጠራ ነው። በአንድ!

(ፎቶሾፕም ከእንዲህ ዓይነቱ ክፍተት ነፃ አይደለም፤ ክራኩ ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ አፕዴት አያገኝም።)

እኛን ያስደነገጠን የፖስተሩ ጉዳይ አይደለም። በዚያው ላፕቶፕ ላይ የዘካ ተቀባዮች ዝርዝር አለ፤ ስማቸው፣ ስልካቸው፣ ችግራቸው ጭምር። ለጎረቤት እንኳ ያልተናገሩትን ለእኛ ያወሩ እናቶች አሉበት። አማናውን የጠበቅን የመሰለን ላፕቶፑን ቁምሳጥን ውስጥ ስለቆለፍንበት ነበር።

የዚያኑ ማታ ብር አዋጥተን ፓኬጅ ገዛንና አዲሱን ዕትም ጫንን። ጂምፕ 3 ከወጣ በኋላም ተመሳሳይ ክፍተቶች ተገኝተው ስለተደፈኑ አንድ ጊዜ መጫን ብቻ አይበቃም። ምንጩን የማናውቀውን ቴምፕሌት ሁሉ አጠፋን። ዝርዝሩን ወደ ደብተር ገለበጥን፤ ከላፕቶፑም ሰረዝነው።

ከዚያ መዝገቡን የምትይዘው እህታችን፣ "ለእናቶቹ እንንገራቸው?" አለች። ተከራከርን። ወጣ የምንለው ነገር የለም፣ ለምን እናስደነግጣቸው ያልን ነበርን። እሷ ግን፣ "አለመውጣቱንስ በምን አወቃችሁ?" አለችን። የሚመልስላት ጠፋ።

እስካሁን ሦስት ቤት ሄዳ ነግራለች። ቅዳሜ አብረናት እንሄዳለን፣ ኢንሻአላህ።