ዓይነ ኵሉ፤ ከፎገራ ሜዳ የተጻፈ ማስታወሻ

ነሐሴ 18 ቀን 2012 ዓ.ም.፣ ሰኞ፣ ወረታ

ሌሊት ዘጠኝ ሰዓት ላይ ወንድሜ ደወለ። «ጣና ወጥቷል፤ ርብ ወንዝም ሞልቷል፤ እማዬን ይዤ እየመጣሁ ነው» አለና ስልኩ ተቋረጠ። ጎሕ ሲቀድ ደረሱ፤ እናቴ፣ የወንድሜ ሚስት፣ ሦስቱ ልጆችና አንዲት ጥጃ። አባቴ ከተቀበረ ጀምሮ ከእናቴ ትከሻ ያልወረደው ጥቁር ነጠላ ግማሹ ጭቃ ሆኗል። እግሯን ላጥባት ጎንበስ ስል «ዛሬ ስንተኛው ቀኑ ነው?» አለችኝ። በጣቴ ቆጠርኩላት፤ ሃያ ዘጠኝ። «እንግዲህ አርባው በውኃ ላይ ሊወጣ ነው» አለችና ዝም አለች።

አባቴ አልታመመም። ሐምሌ 20 ቀን ከሩዝ አረም ሲመለስ በር ላይ ተቀምጦ ውኃ ለመነ፤ ጣሳው እጁ ሳይገባ አንገቱ ዘንበል አለ። በኮሮናው ምክንያት ሰው እንዳይሰበሰብ ተብሎ ነበርና፣ የአገሩን ሁሉ ለቅሶ ሲደርስ የኖረን ሰው በጥቂት ሰዎች ቀበርነው። ይኼ እስከ ዛሬ ይቆረቁረኛል።

ነሐሴ 21፣ ሐሙስ

ትምህርት ቤት ከመጋቢት ጀምሮ ዝግ ስለሆነ ቀኑን ሙሉ ከእናቴ ጋር ነኝ። ስለ ቤቱ አታወራም። ስለ ሩዙ ብቻ ነው የምታወራው፤ ሊዘረዝር ጥቂት ነበር የቀረው።

ፎገራ ዛሬ በሩዝ ይታወቅ እንጂ አባቴ ልጅ ሳለ ሜዳው የከብት ነበር፤ ያቺ ጥቁርና ነጭ መልኳ፣ ረግረግ የማይከብዳት የፎገራ ላም የምትሰማራበት። ውኃ የሚተኛበትን መሬት ለእርሻ ማንም አይፈልገውም ነበር፤ ጤፍ አያበቅልማ። በደርግ ጊዜ የሰሜን ኮሪያ ባለሙያዎች በጅግናና በሻጋ የገበሬ ማኅበራት ሩዝ አሳዩ፤ እስከ ዛሬም የሚዘራው አንዱ ዓይነት «ኤክስ ጅግና» ይባላል። አባቴ «ውኃው ጠላታችን ነበር፤ ሩዝ መጥቶ አስታረቀን» ይል ነበር። አሁን በወረታ የሩዝ መፈልፈያ አለ፤ ብሔራዊ የሩዝ ምርምርና ሥልጠና ማዕከልም እዚሁ ነው። ግን ሩዝም ቢሆን መተንፈስ ይፈልጋል። እግሩ ውኃ ውስጥ ሲቆም ደስ ይለዋል፤ ራሱ ለቀናት ከጠለቀ ይበሰብሳል።

ማታ የንስሐ አባታችን መምሬ ሊጠይቁን መጡ። እሳቸውም ተፈናቅለው ዘመድ ቤት ናቸው። ልጆቹን አጠገባቸው ሰብስበው የክረምቱን ክፍሎች አስቆጠሯቸው። ቤተ ክርስቲያን ይህን ወቅት፣ ከነሐሴ 10 ጀምሮ ያለውን፣ ዕጓለ ቋዓት፣ ደሰያት፣ ዓይነ ኵሉ ብላ ትጠራዋለች፤ የቁራ ጫጩቶች፣ ደሴቶች፣ የሁሉ ዓይን። ቁራ ጫጩቶቿ ላባ ሳያወጡ፣ ነጭ ሆነው ስታያቸው «የእኔ አይደሉም» ብላ ትተዋቸዋለች፤ እነሱም አፋቸውን ከፍተው ሲጮኹ እግዚአብሔር በአየር ላይ ያለውን ተባይ ወደ አፋቸው እያመጣ ይመግባቸዋል ይባላል። ትንሹ የወንድሜ ልጅ «እናታቸውስ ኋላ ትመለሳለች?» ብሎ ጠየቀ። «ላባቸው ሲጠቁር ትመለሳለች» አሉት። እናቴ ምድጃውን እያየች ነበር፤ ሰምታ እንደሆነ አላውቅም።

ዓይነ ኵሉ የሚለውን ስም ከልጅነቴ ጀምሮ በሰንበት ትምህርት ቤት ስሸመድደው ኖሬአለሁ። ውኃው ከሁሉ በሚበረታበት፣ ጎተራው በሚራቆትበት ሰሞን ላይ «የሁሉ ዓይን አንተን ይጠብቃል» የሚል ስም መቀመጡን ግን ያስተዋልኩት ዛሬ ነው። ክረምቱ ሲያልፍማ ማንም ይጠብቃል። አባቶች ስሙን ያኖሩት እዚህ፣ ጭንቁ መሐል ነው።

ነሐሴ 29፣ ዓርብ

የአባቴ አርባ። እናቴ ከመቃብሩ ሌላ ቦታ አይሆንም አለች። መኪና መንገዱ ሲያልቅ በታንኳ ተሳፈርን፤ እሷ፣ መምሬ፣ ወንድሜና እኔ፣ በሁለት ታንኳ። የደንገሉ ታንኳ አይሰምጥም እንጂ ውኃ ያስገባል፤ ልብሳችን ከሥር እየረጠበ ተጓዝን። ከታች የማውቀው ማሳ ነው። እጄን ሰድጄ አንድ የሩዝ አገዳ ነቀልኩ፤ ሲላጥ በሆዱ የያዘው ዛላ ነጭ፣ ለስላሳ፣ የከረመ ሣር የሚሸት። እናቴ ከእጄ ተቀብላ አየችውና ቀስ አድርጋ ወደ ውኃው መለሰችው።

ቤተ ክርስቲያኑ በዛፎቹ መሐል ደሴት መስሏል። ቅጥሩ ድረስ መጥቶ ውኃው ቆሟል። አዲስ መቃብር ግን ከታች በኩል ነበር፤ የአባቴ አፈር አይታይም፣ ራስጌው ላይ ያቆምነው ድንጋይ ጫፉ ብቻ ብቅ ብሏል። እናቴ ስታይ ጮኸች። በሕይወቴ እንዲህ ስትጮኽ ሰምቼ አላውቅም፤ በቀብሩ ዕለት እንኳ።

መምሬ ውኃው ዳር ቆመው ፍትሐቱን አደረሱ። ሲጨርሱ ሊያጽናኗት ስለ ኖኅ ነገሯት፤ ከመርከቡ ሲወጣ ቤት ሳይሆን አስቀድሞ መሠዊያ እንደ ሠራ፣ ቀጥሎም አራሽ እንደ ሆነ። እናቴ ቀና ብላ «አባቴ፣ ኖኅ እኮ ከነቤተሰቡ ነው የወጣው» አለቻቸው።

መምሬ መልስ አልፈለጉም። «እውነትሽን ነው» ብለው ከእርጥቡ ሣር ላይ አጠገቧ ተቀመጡ። ብዙ ቆየን። እኔን ያጽናናኝ ይኼ ነው፤ ካህኑ ሐዘኗን በጥቅስ አልዘጉባትም። ክርስቶስ ራሱ አልዓዛርን እንደሚያስነሣው እያወቀ ወደ መቃብሩ ሲሄድ አልቅሷል። ትንሣኤ አለ ማለት እንባ ጥፋት ነው ማለት አይደለም። ይህን ሳናስተውል ስንቱን ሐዘንተኛ «በቃ፣ አታልቅሺ» እያልን አስጨንቀናል።

ስንመለስ ቤቱን አየነው። መሐል ምሰሶው ላይ አባቴ በ1998ቱ ሙላት ጊዜ በቢላ የቀረጸው መስመር አለ፤ ውኃው ከዚያ አራት ጣት ያህል በልጧል። ቆጡ ላይ የተንጠለጠለው ቅል ግን ደረቅ ነበር። ወንድሜ አውርዶ ነቀነቀው፤ ዘር። «ከ98 ወዲህ በየዓመቱ ይሰቅላል፤ ስቄበት ነበር» አለ።

ጳጉሜ 3፣ ማክሰኞ፣ ሩፋኤል

የሩፋኤል ዝናብ ስድስት ሰዓት ላይ ጣለ። የሰፈሩ ልጆች ራቁታቸውን ወጥተው እየጮኹ ተጠመቁበት። የወንድሜ ልጆች ደጃፉ ላይ ቆመው ቀሩ፤ ዝናብ ፈርተዋል። ያን ጊዜ እናቴ ተነሣች። ጥቁር ነጠላዋን አጣፍታ ወጣችና ዝናቡ መሐል ቆመች፤ ፊቷን ወደ ላይ አድርጋ፣ መዳፏን ዘርግታ። ልጆቹ አንድ በአንድ ተከተሏት። ሊጡ ላይ የሚረጭ ደግሞ በቆርቆሮ ሳህን ይዛ ገባች። «የሰማዩ ምን አጠፋ?» አለችኝ፣ ምንም ሳልጠይቃት።

መስከረም 1 ቀን 2013 ዓ.ም.፣ ዓርብ

ዘመነ ዮሐንስ ለዘመነ ማቴዎስ አስረከበ። ዶሮ አልታረደም። ልጆቹ አደይ አበባ ለቅመው መጡ፤ እናቴ አንዱን ዘለላ ከአባቴ ፎቶ ሥር አኖረች። ከቅዳሴ መልስ ጎረቤቶች እንጀራ በየመሶባቸው ይዘው መጥተው እኛው ጋ በሉ። እነሱም ብዙ የላቸውም።

ጥቅምት 3፣ ማክሰኞ

ውኃው ሸሽቷል። ዘመነ ጽጌ ከገባ ሳምንት ሆነው። ማሳው ጥቁር ጭቃ ነው፤ የሞተው ሩዝ ተኝቶበታል። እርጥበቱ ሳያመልጥ ጓያ መጣል አለበት፤ ጓያ ሞፈር ሳይነካው፣ ውኃ ከለቀቀው ጭቃ ላይ ይበቅላል። በቅሉ ውስጥ የነበረውም እሱ ነው፤ ለእርሻው ሁሉ አይበቃም፣ ለጥግ ቁራጯ ይበቃል።

ወንድሜ አማተበና መበተን ጀመረ። ሴት ዘር አትበትንም በእኛ ቤት፤ እናቴ ግን ቅሉን ይዛ ከኋላው ስትከተል ቆይታ፣ እፍኝ ሙሉ ዘግና ለእኔ ሰጠችኝ። «ይኸውልሽ፣ የአባትሽ ነው።» ፍሬው ማዕዘናም፣ ጥቃቅን መጥረቢያ የመሰለ ነው። በተንኩት። ከፊሉ እኛ በረገጥነው የእግር ዱካ ውስጥ ገባ፤ ዱካው ውኃ ቋጥሮ ነበር።

እናቴ ዞር ብላ ወደ ቤተ ክርስቲያኑ ዛፎች አየች። የመቃብሩ አፈር ወጥቷል፤ ውኃው ደልድሎታል። «ነገ አፈር እንመልስለታለን» አለች፣ ቅሉን ገልብጣ የቀረውን እያራገፈች።